ላስቲኩ ያልተገፈፈ አልጋ

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ለታላቅ እህቴ ለዝናሽ ሙላቴ፤

እታለም፣ እንደምን ከረምሽልኝ? ክረምቱን እንደምን አለፍሽው? እርግጥ እዚያ ክረምት የለም ብለሽኛል፤ እንግዲያው ሙቀቱን እንደምን ቻልሽው ልበል። ጉልበትሽስ? ደረጃ ስወጣ ያመኛል ያልሽው ተሻለሽ? በበረኪና የተላጠው እጅሽስ ዳነ? እናታችን መድኃኒቱ ለጋ ቅቤ ነው ይላሉ፤ ኩዌት ውስጥ ከየት እንደሚገኝ ግን አልነገሩኝም። እመቤትሽስ እንዴት ናት፣ ጠባይዋ በጀሽ? የምታሳድጊያቸው ልጆች ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነኝ። እናታችንም ደህና ናቸው። ወንድማችን አስማማውም ከነሚስቱ ከነልጆቹ ደህና ነው። የዘንድሮው ገብስ ጥሩ ይዟል፤ ጤፉም ውርጭ ካልመታው አይከፋም ይላል።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ሕይወት ናት፣ የሐሙሲቷ አክስታችን ልጅ። እሷም እንዳንቺው ኩዌት ሥራ አግኝታ ልትሄድ ነው። ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ዓይኗ ያበራል፤ ምን ልበላት? አንቺም ስትሄጂ እንደዚሁ ነበርሽ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። በስልክ አልሆነልኝም። አንቺ የምትደውይው ተሸሽገሽ ነው፤ ኔትወርኩ ካልተቆረጠ እመቤትሽ ትጠራሻለች፤ እሷ ካልጠራችሽ እዚህ መብራት ይጠፋል። ባለችው ትንሽ ጊዜ ደግሞ የምትጠይቂኝ ስለ ዕቃው ነው። እኔም ልናገር ያሰብኩትን ዋጥ አድርጌ ስለ ዕቃው እመልሳለሁ። ቃሉ የሚመጣልኝ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

መቼም ታውቂዋለሽ። ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ «ካሜራውን አዙሪልኝ» ትያለሽ። እኔም ስልኩን ይዤ ቤቱን እዞርልሻለሁ። ብፌው፣ በብፌው ውስጥ የተደረደሩት ወርቃማ ከንፈር ያላቸው ብርጭቆዎች፣ ሶፋው፣ ግድግዳ ሥር የተጠቀለለው ምንጣፍ፣ ካርቶኑን ያለቀቀው ፍሪጅ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቼ አልጋው። አልጋው ዘንድ ስንደርስ «ቆይ፣ እዚያ ጋ ቁሚ» ትይኛለሽ። እቆማለሁ። ላስቲኩ አልተቀደደም አይደል? አይጥ አልደረሰበትም? ፀሐይ አያገኘውም? አልተቀደደም፣ አልደረሰበትም፣ አያገኘውም እላለሁ። አንድ ቀን ፍራሹን ዳሰስ አድርጊልኝ ብለሽ ዳሰስኩልሽ፤ ስታለቅሺ ሰማሁ። እታለም፣ ሳይከፋኝ አይደለም የምነግርሽ፤ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ካሜራውን ወደ ራስሽ መልሺው ብለሽኝ አታውቂም። ልክሳ ልወፍር አታውቂም። ጠጉሬን ካሳጠርኩት ቆይቻለሁ።

አደራውን የተቀበልኩት ወድጄ ነው፤ ይህን አልክድም። ለዕረፍት መጥተሽ ቤትሽ ጠበል በተረጨ ዕለት፣ በነፍስ አባታችን በመምሬ ብርሃኑ ፊት አቆምሽኝ። «እኔ ለሁልጊዜው እስክመለስ ከዚህ ቤት ዕቃ አይወጣም፤ አንቺም ቤቱን ጥለሽ አትሄጂም» አልሽኝ። መስቀሉን ተሳልሜ እሺ አልኩ። ያን ጊዜ ኮሌጅ ነበርኩ፤ አራት ልጆች ሆነን በአንዲት ክፍል ተዳብለን እንኖር ነበርና፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከነቁልፉ ሲሰጠኝ በአንድ ጀንበር ያደግኩ መሰለኝ። ቁልፉን ባንገቴ አንጠልጥዬ ክፍል እገባ ነበር፤ ጓደኞቼ «እሜቴ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አባባ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የነበረው ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

አሁን የምኖረው እንዲህ ነው። ከበሩ ጀርባ፣ ብፌው ካለቀበት እስከ ግድግዳው ባለችው ስፍራ ስፖንጅ ዘርግቼ እተኛለሁ። አልጋው ላይ ብተኛ ማን ያየኛል? ማንም አያየኝም፤ ግን ተኝቼበት አላውቅም። ሶፋው ላይ የምቀመጠው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው፤ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ላስቲኩ ስለሚንጫጫ ራሴ እንግዳ የሆንኩ ይመስለኛል። ፍሪጁንስ ተይው፤ ደብረ ታቦር ራሷ ፍሪጅ ናት፣ ወተት ውጭ ብታሳድሪው አይበላሽም። ብርድ ልብሶቹን አሰጣለሁ፣ ለአይጡ ወጥመድ አጠምዳለሁ፣ ዝናብ ሲበረታ ቆርቆሮው በሚያፈስበት በኩል ባልዲ አኖራለሁ። ቀን በጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ ፎቶ ኮፒ ሳነሣ ውዬ ማታ ስገባ ሁለተኛው ሥራዬ ይጀመራል። ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቶኛል፤ በሰፈሩ ግን ስሜ መክሊት አይደለም፣ «የዝናሽ ቤት ልጅ» ነው። እድሩም የሚያውቀው ያንቺን ስም ነው። ጥሩንባ ነፊው በር ላይ ቆሞ «ዝናሽ ቤት!» ብሎ ይጠራል፤ እኔ አቤት እላለሁ።

አምና የሆነውንም አልነገርኩሽም፤ ትስቂ እንደሆነ ልጻፍልሽ። ከጣራ ገዳም ማዶ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ዓለምነው ለሚባል እህል ነጋዴ ሚስት ፍለጋ ነው። ደንቡ ወደ እናታችን መሄድ ነበር፤ እነሱ ግን እዚህ ከተማ ባለ ሀብት ሴት አለች መባሉን ሰምተው፣ አስቀድመን ቤቱን እንይ ያሉ መሰለኝ። ሶፋው ላይ ተደርድረው ሲቀመጡ ላስቲኩ ተንጫጫና ትልቁ ሽማግሌ ደንገጥ ብለው ከሥራቸው ያለውን አዩ። ጠላ ቀዳሁላቸው፤ በራሴ ጣሳ ነው የቀዳሁት፣ የብፌውን ብርጭቆ አልነካሁም። «ልጄ፣ ይህን የመሰለ ብርጭቆ ተደርድሮ እኛን በጣሳ?» አሉ እየሳቁ። የእህቴ አደራ ነው አልኳቸው። ሶፋውስ አሉ። የእህቴ ነው። ይሄ በካርቶን ያለውስ? እሱም የእህቴ። ቤቱስ? ዕቃውን አንድ በአንድ ጠይቀው ሲያልቅባቸው ጠላቸውን ጨልጠው «እንግዲህ እንመካከርበት» ብለው ወጡ። እስከ ዛሬ እየተመካከሩ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? ሰውየውን አይቼው ስለማላውቅ አላዘንኩም። የቆረቆረኝ ሌላ ነው፤ ከመውጣታቸው በፊት አንደኛው «ያንቺስ የትኛው ነው?» ሲሉኝ ከበሩ ጀርባ ያለችውን ስፖንጅ ለማሳየት አፈርኩ።

የማያስቀው ደግሞ ይሄ ነው። ከእኛ አጥር ቀጥሎ ያሉት አቶ ይሻው ባለፈው ዓመት በጾመ ነቢያት አረፉ፤ ይህን ሰምተሻል። የእድሩ ድስቶች ከታች ሰፈር ሌላ ለቅሶ ላይ ስለነበሩ ሴቶቹ ከየቤቱ ዕቃ ሊለቅሙ ወጡ። እኔም ዘንድ መጡ። ያንን በካርጎ የላክሽውን ትልቁን ድስት ሁሉም ያውቁታል፤ ሲገባ አይተውታል። በሩ ላይ ቆሜ አልችልም አልኳቸው። የእህቴ አደራ ነው፣ ከቤት እንዳይወጣ በመስቀል ምያለሁ አልኩ። አንዷ ቀስ ብላ «ለሬሳም አይወጣ?» አለች። የራሴን ትንሿን ድስት አምጥቼ ሰጠኋቸው፤ ለሁለት ሰው ወጥ የምትበቃ ናት። ተቀበሉኝ፤ ጨዋ ናቸው፣ እንቢ አይሉም። ለቅሶው ቤት ስገባ ድስቴ ማንም ሳይነካት ከምድጃው ራቅ ብላ ተቀምጣለች። እታለም፣ የዚያን ቀን ያለቀስኩትን ሰው ሁሉ ለአቶ ይሻው መሰለው።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ጨከነብኝ። ሰላም ይሉኛል፤ ግን ክብሪት እንኳ የሚጠይቀኝ ጠፋ። አንቺ ስላልኖርሽበት ረስተሽው ይሆናል፤ አገራችን ውስጥ ሰው ካልጠየቀሽ ቤት አለሽ አይባልም። ጨው ስጪኝ፣ እሳት ስጪኝ፣ መጥረቢያሽን አውሺኝ የሚልሽ ሲኖር ነው ባለቤት የምትሆኚው። እኔ በዕቃ በተሞላ ቤት ውስጥ ሆኜ ማንም የማይጠይቀኝ ሆንኩ።

በዚያው ሰሞን ነው የራሴን ነገር ትንሽ ትንሽ መግዛት የጀመርኩት። ብትሰሚ ትስቂያለሽ። መጀመሪያ ቢላዋ ገዛሁ፤ ሽንኩርት በምላጭ ስከትፍ ነው የኖርኩት። ከዚያ ለውሃ የሚሆን ክዳን ያለው በርሜል፤ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ። ከዚያ ጥሩ ወንፊት፣ ከቅዳሜ ገበያ። ወንፊቱን ምስማር ላይ ሰቅዬ ቆሜ አየሁት። ምን ይሁን ይሄ ብዬ በራሴ ሳቅሁ፤ ግን ልቤ ሞቀ። ቁልፉን ባንገቴ ባንጠለጠልኩ ጊዜ ያደግኩ መስሎኝ ነበር እንጂ አላደግኩም። ያደግኩት ወንፊት የገዛሁ ዕለት ነው።

አንድ ጠዋት የሟቹ የአቶ ይሻው ባለቤት እትዬ አሰለፈች በሩን አንኳኩ። ለመንፈቁ ተዝካር ዱቄት ሊነፉ ወንፊታቸው ተቀዶባቸዋል። ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ምስማሩን አዩና «ይሄስ የእህትሽ ነው?» አሉኝ። የኔ ነው አልኩ። «የራስሽ?» አሉ ደግመው። የራሴ ነው እትዬ አልኩ። «እንግዲያው አውሺኛ» አሉ። ከምስማሩ አወረድኩላቸው። በማግስቱ ሲመልሱት ባዶውን አልመለሱትም፤ በውስጡ የገብስ ቆሎ አድርገውበት ነበር። «ልጄ መክሊት» አሉኝ። በዚህ ሰፈር ሰው በስሜ ሲጠራኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እስካሁን የዞርኩት ስለፈራሁ ነው። በመስከረም ወር የመምህርነት ምደባዬ ወጣ። ከእብናት አልፎ ባለች ትንሽ ቀበሌ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ኮሌጅ አብራኝ የተማረችው ገነት እዚያ ታስተምራለች፤ ነይና እዪው ብላ ይዛኝ ሄደች። በግቢው ውስጥ ለመምህር የሚሆን አንድ ክፍል አለ። ባዶ ነው፣ ወለሉ አፈር ነው፣ አንድ መስኮት ወደ ማሽላው ማሳ ይከፈታል። ገነት ርእሰ መምህሩን ልትጠራ ስትሄድ ብቻዬን ገብቼ ቆምኩ። ዕቃዬን በልቤ አስገባሁት። ወንፊቱን በመስኮቱ አጠገብ ሰቀልኩት፣ በርሜሉን ከበሩ ኋላ አኖርኩት፣ ስፖንጄን ከክፍሉ መኻል ዘረጋሁት። መኻል ላይ መተኛት እንዴት ያለ ነገር ነው? እዚያ ክፍል ውስጥ ለሰው ‹እሺ፣ ውሰጂ› ማለት እችላለሁ። ርእሰ መምህሩ በጥቅምት መጨረሻ ካልመጣሽ ቦታው ለሌላ ይሰጣል አሉኝ። እመጣለሁ አልኳቸው፤ ከአፌ አምልጦኝ።

ከዚያ ስመለስ ሰው ፍለጋ ጀመርኩ። ቤቱን ዘግቶ መሄድ አይቻልም፤ ጊዜውን ታውቂዋለሽ፣ ባዶ ቤት አያድርም። እናታችንን መጥተው እዚህ ይቀመጡ ብዬ ለመንኳቸው። «ላሞቼን ለማን ጥዬ? ለሶፋ ዘብ ልቆም ከአገሬ አልወጣም» አሉኝ። አስማማው ሶፋውን እኔ ቤት ላስቀምጥልሽ አለ፤ ልጆቹ በአንድ ፋሲካ ይጨርሱታል። መምሬ ብርሃኑ ዘንድ ሄጄ ይፍቱኝ አልኳቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ ብታፈርሺው ቀኖና እሰጥሻለሁ። አላልሽም ልልሽ ግን አልችልም። ያሰረችሽ እሷ ናት፣ እሷው ትፍታሽ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አሉኝ። ወደ እናታችን ተመልሼ ታዲያ ልሂድ ወይ አልኳቸው። ልተኛ ስል ነው የተናገሩት። «ያቺ ልጅ በሰው ቤት ውላ የምታድረው ያንን ዕቃ እያሰበች ነው። እሱን ብትነኪባት በምን ትቆማለች?» አሉኝ። እኔ በምን እንደምቆም አልጠየቁኝም። አልፈርድባቸውም፤ ርቆ ያለ ልጅ ነው የሚያሳሳው።

እንግዲያው ራሴ እነግራታለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ባለፈው የደወልሽ ዕለት ‹እታለም፣ አንድ ነገር› ስልሽ ‹ቆይ፣ የኔን የምሥራች አስቀድሚ› አልሽኝ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዝተሻል፣ በካርጎ ልትልኪው ነው። ብፌው ከቦታው ገፋ እንዲል፣ ማሽኑ ከበሩ ጀርባ እንዲቆም ነገርሽኝ። እኔ የምተኛበት ቦታ ላይ ነው። ይህን ስትናገሪ ስልክሽ ተንሸራተተና ካሜራው ያለሽበትን አሳየኝ። የተቀመጥሽው ልብስ በሚታጠብበት ክፍል ውስጥ ነው። ፍራሽሽ በማጠቢያውና በግድግዳው መካከል ተዘርግቷል። ቀጭን ናት፣ እንደ እኔዋ። ከበላይዋ የሰው ልብስ ተሰጥቶ ይንጠባጠባል። ከዚያ «ሁለት ዓመት ደግሞ ፈረምኩ። እዚህ የምችለው እዚያ ቤት ስላለኝ ነው» አልሽ። ምን ልበልሽ? እንኳን ደስ ያለሽ አልኩሽ። አንዱ ነገር ምን ነበር ስትይኝ ረሳሁት አልኩ።

ጥቅምት አለቀ። አልሄድኩም። ገነት ትናንት ደውላ ቦታውን ከላሊበላ በኩል ለመጣች ልጅ ሰጧት፣ ክፍሉም ውስጥ ገብታለች አለችኝ። መጋረጃ ሰቅላበታለች አለች፤ ያንን ባትነግረኝ ደግ ነበር።

ቀኑ ሳያልፍ ያልጻፍኩልሽ አውቄ ነው። ከቤትሽና ከእኔ አንዳችንን ምረጪ ማለት እንዳይሆንብሽ ብዬ ነው። እውነቱን ልንገርሽ ካልኩ ደግሞ፣ ቤቱን ትመርጫለሽ ብዬም ፈርቼ ነው። አልተቆጣሁሽም። አይ፣ ተቆጥቻለሁ፤ ግን ያችን ፍራሽ ካየሁ ወዲህ ቁጣዬ የሚያርፍበት አጣ። አንቺ እዚያ በሰው ቤት ጥግ፣ እኔ እዚህ ባንቺ ቤት ጥግ፤ አልጋው መኻል ላይ ብቻውን ተንጣሎ ተኝቷል። ለማን ነው ያስቀመጥነው?

እታለም፣ ከእንግዲህ የምለምንሽ ይህን ነው። ወይ ነይ፣ ወይ ፍቺኝ። ዕቃሽን ሽጪው አልልሽም፤ ያንቺ ላብ ነው፣ አንድ ብርጭቆ ሳይጎድል እስካሁን አለ። በሚመጣው ዓመት ምደባ ሲወጣ ግን እንደገና እወዳደራለሁ፤ ካልፈታሽኝም ዘንድሮ እንዳደረግኩት እቀራለሁ፣ መሐላ አላፈርስም። በዝምታ ግን አትያዢኝ። ቅሪ የምትይኝ ከሆነ በራስሽ አፍ፣ ስሜን ጠርተሽ ቅሪ በይኝ።

እዚያ ከጎረቤት ለምትሠራው ለዓለሚቱ ሰላም በይልኝ፤ ስትታመሚ ሾርባ ያቀበለችሽን አልረሳንም። ለምታሳድጊያቸው ልጆች ሰላም በይልኝ፣ የኔን ስም ባያውቁትም። እናታችን ጉንጭሽን አገላብጠው ስመውሻል፤ ጸሎታቸው አይለይሽ። አስማማውና ባለቤቱ እጅ ነሥተዋል፤ ልጆቹም አክስታችን መቼ ትመጣለች ይላሉ። እትዬ አሰለፈች እግዜር በሰላም ያግባት ብለዋል። መምሬ ብርሃኑ በመስቀላቸው ባርከውሻል። ከዚህ ካንቺ ቤትም ሰላም የሚልሽ አንድ ሰው አለ፤ እኔ ነኝ፣ መክሊት።

ደብረ ታቦር
ኅዳር ፫ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.